ብረት ድስት ውስጥ ብረት ሲጠፋ፦ የትኛውን ድስት ልግዛ?

አክስቴ ባለፈው ሰሞን ደወሉልኝ። የመጨረሻ ልጃቸው ጎጆ ልትወጣ ነው። «አንቺ ኬሚስትሪ ተምረሻል አይደል? እስቲ ድስት ምረጪልን» አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስንት ፈተና ተፈትኛለሁ። ይህን የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

«እኔ እንኳ ብረት ድስት ብያለሁ» ብለው ቀጠሉ።

«የምን ብረት?» አልኳቸው።

«ብረት ነዋ! ብረት ብረት ነው።»

ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ቤት ከሸክላ ውጪ ያለ ድስት ሁሉ «ብረት ድስት» ነው። ቋንቋችን ብረት የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ያሠራዋል። አንዴ ለብረታ ብረት ሁሉ፣ አንዴ ደግሞ ለሚዝገው ለራሱ ለብረት። ኩሽናችሁ ውስጥ ካሉት «ብረት ድስቶች» አብዛኞቹ ግን አልሙኒየም ናቸው። የፍሪጅ ማግኔት አስጠጉባቸው፤ ዝም ይላሉ። የሚገርመው ሸክላ ድስቱ ነው። ሸክላን ቀይ የሚያደርገው ብረት ኦክሳይድ ነው፤ ከኦክስጅን ጋር የተዋሃደ ብረት ማለት ነው። እንግዲህ ሸክላው ውስጥ ብረት አለ፣ ብረት ድስቱ ውስጥ የለም።

ሰው ድስት ሲገዛ ክብደቱን ያያል፣ አብረቅራቂነቱን ያያል፣ በጣቱ ቆርቆር አድርጎ ድምፁን ይሰማል። እኔ ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ውስጡ የሚገባው ምንድነው? ጎምዛዛ ነው? ስንት ሰዓት ይቆይበታል? የድስቱ ጠባይ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ሁሉም ይዝጋል

ስለ ድስት አንድ የኬሚስትሪ ነገር ብቻ መያዝ ካለባችሁ ይህ ይሁን። ብረትም፣ አልሙኒየምም፣ ስቴንለስም አየር ሲነካቸው ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳሉ። በሌላ አነጋገር ሁሉም ይዝጋሉ። ልዩነቱ የዝገቱ ዓይነት ላይ ነው።

የብረት ዝገት ቀዳዳ የበዛበትና የሚረግፍ ነው። ውሃና አየር ሾልከው ይገባሉ፣ ከሥር ያለው ይቀጥላል። ለዚህ ነው ብረት ተበልቶ የሚያልቀው። አልሙኒየም ግን የተቆረጠ ቦታው ወዲያውኑ ስስ የኦክሳይድ ቅርፊት ያበቅላል። ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፤ በዓይን አይታይም። ቅርፊቱ ግን ጥብቅ ስለሆነ ከሥሩ ያለውን ይጠብቃል። ስቴንለስም ያው ነው፤ ቅርፊቱን የሚሠራለት ውስጡ ያለው ክሮሚየም ነው።

ስለዚህ ወጣችሁ የሚነካው ይህን ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ከጸና ድስቱ ዝም ይላል። ቅርፊቱ ከተሸነፈ ግን ድስቱ ወደ ወጡ መግባት ይጀምራል።

አልሙኒየም፦ ፈጣኑና ጎምዛዛ የማይችለው

በጎ ጎኑን ላስቀድም። አልሙኒየም ቀላል ነው። አንድ ሊትር የሚያህል አልሙኒየም 2.7 ኪሎ ይመዝናል፤ ያንኑ የሚያህል ብረት 7.9 ኪሎ ገደማ። ሙቀት ማስተላለፍ ላይ ደግሞ ከስቴንለስ ከ15 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ እሳቱ ለድስቱ ሁሉ ይዳረሳል፣ ሽሮው አንድ ቦታ ላይ አያርም። ዋጋውም ይቀመሳል። ለድግስ ትልቅ ድስት ከሆነ እኔም የምመርጠው እሱን ነው።

ችግሩ ቅርፊቱ ከአሲድም (ከጎምዛዛው) ከአልካሊም (ከአሲድ ተቃራኒው) ጋር አይስማማም። የጎምዛዛነት መለኪያው ፒኤች ይባላል፤ 7 መሐል ነው፣ ቁጥሩ ሲወርድ ጎምዛዛነቱ ይጨምራል። ቅርፊቱ ፒኤቹ ከ4 እስከ 8.5 ባለው መካከል ጥሩ ይጸናል። ሎሚ 2 አካባቢ ነው። ቲማቲም 4ን ትንሽ ያልፋል፣ ድንበሩ ላይ ማለት ነው። እንጀራችንም ጎምዛዛ ነው፤ 3.5 አካባቢ ነው። ፍርፍር የምታበዙ ይህን ልብ በሉ።

አንድ ጾም ላይ ስልስ ሠርቼ በአልሙኒየም ድስት አሳደርኩ። ደክሞኝ ነበር፣ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ ታክቶኝ ተውኩት። ጠዋት ከድኑን ሳነሳ ስልሱ የነካው የድስት ግድግዳ ላይ አመድማ መስመር ተሠምሯል፤ ልክ የውሃ ልክ እንደሚያሳይ ምልክት። ስልሱን ቀመስኩት። ሳንቲም የላስኩ ነው የመሰለኝ። ድስቱ ሲታጠብ መሥመሩ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጉድጓዶች ታዩ። አሲዱም ጨውም ተባብረው ቅርፊቱን አልፈውታል።

የአመድ ነገርም አለ። እናቶቻችን ድስት በአመድ ሲፈትጉ ነው የኖሩት። የእንጨት አመድ ውስጥ ፖታሲየም ካርቦኔት አለ፤ ውሃ ሲነካው አልካሊ ይሆናል። ለሸክላና ለብረት ችግር የለውም። አልሙኒየምን ግን ያጠቁረዋል። የቧንቧ መክፈቻ ኮስቲክ ሶዳ ከሆነማ ጭራሽ እንዳትሞክሩት፦ አልሙኒየሙን እየበላ ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል፣ ይንተከተካል፣ ድስቱም አይተርፍም።

የጠቆረ አልሙኒየም ውስጥ የሎሚ ልጣጭ ሲፈላ ወለል ብሎ እንደሚጸዳ አይታችኋል? አሲዱ የጠቆረውን ቅርፊት አሟሙቶት ነው። ጥሩ ዘዴ ነው። ውሃው ግን ይደፋ፤ ድስቱ ላይ የነበረው አሁን ውሃው ውስጥ ነው።

«የመርሳት በሽታ ያመጣል ይባላል» የሚሉ አሉ። በአልሙኒየም ድስትና በበሽታው መካከል ይህ ነው የሚባል የተረጋገጠ ግንኙነት የለም። ገደብ ግን ተቀምጧል። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) የጋራ ባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2011 ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በሳምንት 2 ሚሊግራም ብሎ ወስኗል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሳምንት 120 ሚሊግራም ማለት ነው። ከምግብም ከድስትም የሚገባው ተደምሮ ነው። ሽሮና ምስር ቀቅሎ ወዲያው ማውጣት አያሳስበኝም። ጎምዛዛ ነገር ማሳደር ያሳስበኛል።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከውዳቂ ብረታ ብረት ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ የሚፈስ ድስት አለ። ወፍራም ነው፣ ሻካራ ነው፣ ጠንካራ ይመስላል። አልሙኒየም 660 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ በቀላል ምድጃ ሊሠራ ይችላል፤ ያ ባይሆን ይህ ሥራ ባልኖረ። ግን የሚቀልጠው ምንድነው? የሞተር ቁራጭ፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ፣ የተገኘው ሁሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ካሜሩን ውስጥ የተሠሩ እንዲህ ዓይነት ድስቶች ተመርምረው እርሳስ (የመጻፊያው ሳይሆን ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ወደ ምግብ እንደሚለቁ ታይቷል። በ2017 ደግሞ ከ10 አገሮች የተሰበሰቡ 42 ዕቃዎች ተፈትሸው ከብዙዎቹ እርሳስ፣ ከአንዳንዶቹም ካድሚየም የተባለ ሌላ መርዛማ ብረት ወጥቷል። ለእርሳስ «ይህን ያህል ችግር የለውም» የሚባል መጠን የለም፤ በተለይ ለሕፃናት። የትኛው ድስት ንጹሕ፣ የትኛው የተበከለ እንደሆነ ደግሞ በዓይን አይለይም። የሠራተኞቹን እጅ አደንቃለሁ፤ ልጅ ባለበት ቤት ግን አልገዛውም። በፋብሪካ ከቆርቆሮ አልሙኒየም ተጠፍጥፎ የሚወጣው ስሱ ድስት ይሻለኛል።

እውነተኛው ብረት

ይህ ማግኔት የሚይዘው፣ ጥቁሩ፣ ሲያነሱት ክንድ የሚያደክመው ነው። ብዙ ቤት የለም። መኖር ግን ነበረበት፤ ምክንያቱም ይህ ድስት ሲለቅ የሚለቀው የሚፈለግ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዘ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጥናት አወጣ። ጥናቱ የተሠራው እዚሁ፣ ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። 407 ትንንሽ ልጆች ያሉባቸው ቤቶች ተመርጠው ገሚሱ ብረት ድስት፣ ገሚሱ አልሙኒየም ድስት ተሰጣቸው። እውነተኛ ብረት ነው የምላችሁ። ከ12 ወር በኋላ የልጆቹ ሄሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው፣ ብረት ያለበት ነገር) ሲለካ በብረት ድስት የበሉት በአማካይ 1.7 ግራም በዴሲሊትር ጨምሯል። በአልሙኒየም የበሉት 0.4 ብቻ። ያው ምግብ፣ ያው ሰፈር ነው፤ የተለወጠው ድስቱ ብቻ ነው።

አልሙኒየም ላይ የረገምነው አሲድ እዚህ ይመሰገናል። ስልስ በብረት ድስት ሲሠራ ብረት ይዞ ይወጣል። ሥጋ ወጥም እንዲሁ። ታዲያ ገበታው ላይ ሎሚ ወይም ቃሪያ ካለ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል። ቡናና ሻይ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገዩ ጥሩ ነው። ሻይ በብረት ድስት አፍልታችሁ ታውቃላችሁ? እንደ ቀለም ይጠቁራል። ሻዩ ውስጥ ያለው ታኒን የተባለ አፍ የሚያኮማትር ነገር ከብረቱ ጋር ተያይዞ ነው። በድሮ ጊዜ አውሮፓ ውስጥ የጽሕፈት ቀለም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነበር። ጉዳት የለውም፣ ግን ለእንግዳ አይቀርብም።

ጉድለቱ ጥገና መውደዱ ነው። ታጥቦ እርጥቡን ካደረ ጠዋት ቀይ ነው። መፍትሔው አዲስ አይደለም፣ ምጣድ ያሟሸ ሰው ያውቀዋል። ምጣድ በጎመን ዘር ይሟሻል፤ የብረት ድስትም በስሱ ዘይት ተቀብቶ በደንብ ሲግል ይሟሻል። ዘይቱ ሲሞቅ ከኦክስጅን ጋር እየተያያዘ ይጠጥርና ጥቁር፣ ለስላሳ ልባስ ይሆናል። ብረት በተፈጥሮ የጎደለውን ጥብቅ ቅርፊት እኛ ሠራንለት ማለት ነው። አያቶቻችን ኬሚስትሪ ሳይሉት ሠርተውታል፤ ቃሉም የራሳችን ነው።

አዲስ ሲሆን ለሁለት ሦስት ሳምንት ስልስ አታስነኩት፤ ጎምዛዛ ልባሱን ይልጠዋል። መጀመሪያ የሚጠበስ ነገር ይልመድ። ሰውነታቸው ብረት የሚያከማች በሽታ ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ይህን ድስት ይተዉት።

ስቴንለስ፦ ውዱና ዝምተኛው

ስቴንለስ ብረት ነው፤ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም የገባበት። እ.ኤ.አ. በ1913 እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ ሃሪ ብሬርሊ የተባለ ሰው ለጠመንጃ አፈሙዝ የሚሆን ብረት ሲፈልግ ነው የማይዝግ ቅይጥ ያገኘው። ጠመንጃው ቀርቶ ሹካና ቢላ ሆነ።

ድስቱ ቂጥ ላይ 18/10 ተብሎ ካያችሁ 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 10 በመቶ ኒኬል ማለት ነው። 18/8 ከዚያ ብዙም አይርቅም። 18/0 ኒኬል የለውም፤ ርካሽ ነው፣ ትንሽ ቶሎ ይዝጋል። 201 የሚባልም አለ። ኒኬሉ ተቀንሶ በማንጋኒዝ ተተክቷል፤ ገበያው ላይ ከኦርጅናሉ ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል።

ስለ ማግኔት የሚወራውን ላስተካክል። «ማግኔት ከያዘው ፎርጅድ ነው» ይባላል። ግማሽ እውነት ነው። 18/10 ማግኔት አይዘውም፣ ልክ ነው። 201ም ግን አይዘውም። ስለዚህ አለመያዙ ብቻ ምስክር አይሆንም። 18/0 ደግሞ ማግኔት ይይዘዋል፤ ያም ሆኖ እውነተኛ ስቴንለስ ነው። ኢንዳክሽን ምድጃ (በማግኔት ኃይል ድስቱን ራሱን የሚያግለው) ያላችሁ፣ በተለይ ውጭ አገር ያላችሁ፣ ጭራሽ የምትፈልጉት ማግኔት የሚይዘውን ቂጥ ነው። አልሙኒየምም ሸክላም እዚያ ምድጃ ላይ አይሠሩም፤ ጀበናችሁ ሌላ እሳት ይፈልጋል።

የስቴንለስ ትልቁ ጥቅም ጎምዛዛ ቢያድርበት ቅር አለማለቱ ነው። ስልስ፣ አዋዜ፣ ፍርፍር፣ የሎሚ ውሃ፣ ሁሉንም ይችላል። አዲስ ሲሆን ጎምዛዛ ወጥ ውስጥ ትንሽ ኒኬል ይለቃል። በተደጋጋሚ ሲሠራበት እየቀነሰ ይሄዳል፣ ስድስት ጊዜ ገደማ ከተሠራበት በኋላ ይረጋጋል። ለአብዛኛው ሰው ምንም አይደለም። ርካሽ ጉትቻ ጆሮውን የሚያሳክከው ሰው ግን ለኒኬል አለርጂ ሊኖረው ይችላል፤ እሱ 18/0 ይግዛ።

ትልቁ ጉድለቱ ሙቀት አለማዳረሱ ነው። ስስ ስቴንለስ ላይ ቁሌት አቁላልታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ መሐሉ አረረ፣ ዳሩ ገና ጥሬ ነው። መፍትሔው ቂጡ ወፍራም የሆነውን መግዛት ነው። በሁለት ስቴንለስ መካከል አልሙኒየም የታሸገበት አለ። አልሙኒየሙ ሙቀቱን ያዳርሳል፣ ስቴንለሱ ወጡን ይነካል። ገንዘብ ካለ ከዚህ የተሻለ ድስት አላውቅም።

ሁለት ነገር ብቻ ይጠላል። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጨው ጨምሮ መተው፣ ጨው ከሥር ተቀምጦ ይነድለዋል፤ ውሃው ሲፈላ ጨምሩ። ሁለተኛው በረኪና ነው፤ ድስት በበረኪና ዘፍዝፋችሁ አታሳድሩ። ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ካወጣ ግን አትደንግጡ፤ ቅርፊቱ ስለወፈረ ነው። ሎሚ ያነሳዋል።

በነገራችን ላይ፣ ስልስ የያዘ ስቴንለስ ትሪ በአልሙኒየም ፎይል ሸፍናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድራችሁ ታውቃላችሁ? ፎይሉ ስልሱን የነካበት ቦታ ላይ ተበሳስቶ ይገኛል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች፣ መሐል ላይ ጨውና ጎምዛዛ ፈሳሽ፤ ይህ እኮ ባትሪ ነው። አልሙኒየሙ ተበልቶ ስልሱ ውስጥ ገባ። ከድን ተጠቀሙ።

ሸክላ

ሸክላ የሲሊከን፣ የአልሙኒየምና የኦክስጅን ውህድ ነው። አዎ፣ አልሙኒየም። ግን ከኦክስጅኑ ጋር ተቆላልፎ ስለታሰረ ሎሚ አይፈታውም። ለዶሮ ወጥ፣ ለረጅም ሰዓት ቀስ ብሎ ለሚበስል ነገር ሁሉ አቻ የለውም። ሙቀት የሚያስተላልፈው በጣም በዝግታ ነው። ጉድለት ይመስላል፤ ለዶሮ ወጥ ግን ጸጋ ነው። ሽንኩርቱ ሳያርር ይቀልጣል፣ ከእሳት ከወረደ በኋላም ድስቱ ውስጥ ወጡ እየተንተከተከ ይቆያል። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን እንኳ ሽቦው ከሥር ነው እንጂ ላዩ ያው ሸክላ ነው።

ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ አታስነኩት፣ ይሰነጠቃል። ቀዳዳ ስላለው ሳሙና ይጠጣል፤ በሙቅ ውሃ ማጠብ ይበቃል። ሳይሟሽ ወጥ አይሠራበትም። የአገራችን ሸክላ አብዛኛው ቅብ የለውም፣ ጥቁረቱም ከጭስ ነው። መጠንቀቅ ያለባችሁ መስተዋት የመሰለ ደማቅ ቅብ ያለበት ከውጭ የመጣ ሸክላ ላይ ነው። አንዳንዱ ቅብ እርሳስ አለበት፣ ጎምዛዛ ደግሞ እርሳሱን ያወጣዋል። ለጌጥ ይቀመጥ።

መዳብ ውብ ነው፣ ሙቀት በማስተላለፍም አንደኛ። ግን ውስጡ ቲን በሚባል ብረት ካልተለበጠ ለጎምዛዛ አይሆንም፤ ቲኑ ደግሞ 232 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ለሠርግ ስጦታ ሲሰጣችሁ መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። ቴፍሎን ለእንቁላል ጥሩ ነው፤ ባዶውን እሳት ላይ አትርሱት፣ ሽቦም አታስነኩት። ከዚህ የበለጠ የምለው የለም።

አክስቴ ምን ገዙ?

ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ እንዲህ ተባባልን። አንድ መካከለኛ ስቴንለስ፣ ቂጡ ወፍራም የሆነ፤ ስልስና ፍርፍር እሱ ላይ ይሠራል። አንድ ትልቅ ስስ አልሙኒየም፤ ለፓስታ፣ ለሩዝና ለእንግዳ ቀን ሽሮ። አንድ ሸክላ፤ ለዶሮው። ብረቱን ደግሞ እኔ በስጦታ እይዛለሁ፤ ልጅ ሲመጣ ይጠቅማታል።

መርካቶ አብሬያቸው ሄድኩ፣ የፍሪጄን ማግኔት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ። ሻጩ አንዱን ድስት አንስቶ አንኳኳው። «እትዬ፣ ይሄ ኦርጅናል ነው፤ ዕድሜ ልክ!» አለ። ማግኔቱን ጎኑ ላይ አደረግኩት፣ አልያዘም። ቂጡ ላይ ሳደርገው ጥብቅ አለ፤ ለኢንዳክሽን እንዲሆን ቂጡ ማግኔት በሚይዝ ስቴንለስ ተለብጧል። ከሥር 18/10 ተጽፏል፣ የቂጡም ውፍረት በጣት ይታወቃል። «ይሄን እንወስዳለን» አልኩት። ልጁ ግን ሒሳቡን ትቶ ማግኔቱን ተዋሰኝና መደርደሪያው ላይ ያለውን ድስት አንድ በአንድ መሞከር ጀመረ።

ማታ አክስቴ ደወሉ። ማግኔት ከየት እንዳመጡ አላውቅም፤ ቤታቸው ያለውን ድስት ሁሉ አዳርሰዋል።

«አንድም አልያዘም!» አሉኝ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብረት ድስት፣ ብረት ድስት ስል! በይ አሁን ንገሪኝ፣ የትናንቱ ስልስ እዚያው ውስጥ ነው፤ ልገልብጠው?»

«አሁኑኑ» አልኳቸው።